የባሕር ሽሪምፕ ወይስ የእርባታ? ከጥቁሯ ክር ጀምሮ ማወዳደር

ሽሪምፕን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የነካሁት በሰው ማድቤት ነው። ደማም፣ ሳዑዲ። የባዮሎጂ ዲግሪዬን ሻንጣ ሥር አንጥፌ የሄድኩ ጊዜ። ማዳም አንድ ሳፋ ሙሉ ሮቢያን ፊቴ ዘረገፈች። ሮቢያን እነሱ ጋ ሽሪምፕ ማለት ነው። አንዱን አነሳች፣ ጀርባውን በቢላ ጫፍ ሰነጠቀች፣ ከውስጡ ጥቁር ክር መዝዛ አሳየችኝ። "ይቺን አንዱ ላይ እንኳ ካየሁ ሁሉንም እደፋዋለሁ" አለች። ከመሃል አገር ለመጣ ሰው ሽሪምፕ ከፌንጣ ብዙም አይለይም። ያን ቀን ሁለት መቶ ያህል ፌንጣ ቀዶ ጥገና አደረግኩ ማለት ነው።

ክሯ ደም ሥር አይደለችም፤ አንጀት ናት። ውስጧ ያለው የሽሪምፑ የመጨረሻ ምሳ ነው፤ ከምሳው ጋር ደግሞ የትየለሌ ባክቴሪያ። ከዚያ ወዲህ የባሕርና የእርባታ ሽሪምፕ ሳወዳድር የምጀምረው ከዚህችው ክር ነው። ጣዕም እንደ ሰዉ ነው፣ ዋጋ እንደ ወቅቱ። አንጀት ግን እንስሳው የት እንደኖረ፣ ምን እንደበላ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ይናገራል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ሻርጃ ያለችው እህቴ ናት። በኢሞ ደውላ ሁለት ከረጢት ካሜራው ላይ ደቅና "የቱን ልውሰድ?" አለችኝ። አንዱ ላይ "ዋይልድ" (ከባሕር የተያዘ) ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሌላው "ፋርምድ" (የእርባታ) ይላል፣ በትንሹ። እሷ እጇ ወደ መጀመሪያው እየሄደ ነበር።

አንድ ነገር ላስቀድም። ክንፍና እንደ ዓሣ ያለ ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ኦርቶዶክሱ ቤት አይገባም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ጋ እንደዚያው። ግን ራሱ ሳይቀምስ ለሌላ የሚያበስል ስንቱ ነው! ይህ ለሚበላውም፣ አብስሎ ለሚያቀርበውም ነው።

ክሯ ውስጥ ማን አለ?

የሽሪምፕ ሆድ ዕቃ ውስብስብ አይደለም። ጭንቅላቱ ውስጥ ምግብ የሚፈጭ ጨጓራ አለ። ከጨጓራው ጋር ተያይዞ ጉበትም ቆሽትም ሆኖ የሚሠራ፣ ቡናማ ቅባት የመሰለ እጢ አለ። ከዚያ ቀጭኗ ቱቦ በጀርባ በኩል እስከ ጅራት ትወርዳለች።

ጨጓራውና የአንጀቱ መጨረሻ ልክ እንደ ውጪው ቅርፊት የተለበጡ ናቸው። ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን ይጥላል። ያኔ የውስጡም ልባስ አብሮ ይወልቃል፤ እላዩ የሰፈረው ባክቴሪያም ቤቱን ያጣል። መካከለኛው አንጀት ግን ልባስ የለውም። ቋሚ ነዋሪዎቹን እዚያ ፈልጓቸው።

ከየት መጡ ካላችሁ፣ ከውኃው ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ውኃው ላይ በትና ትሄዳለች፤ ማቀፍ የለ፣ መንከባከብ የለ። እጮቹ መብላት ሲጀምሩ አፋቸው የሚገባው የሚዋኙበት ውኃ ነው። የባሕሩ ባሕሩን ይጠጣል፤ የእርባታው የመፈልፈያ ገንዳውን።

በብዛት ከሚገኙት ነዋሪዎች አንዱ ቪብሪዮ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያም የዚሁ ወገን ስለሆነ ስሙ ያስደነግጣል። አትደንግጡ። የቪብሪዮ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ለሽሪምፑ ጎረቤት እንጂ ሌባ አይደለም። ቅርፊት የተሠራበትን ነገር አፍርሶ መብላት ስለሚችል፣ ባሕር ውስጥ ቅርፊት ያለው ፍጥረት ሁሉ ለእሱ ሰፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ታይላንድ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ታተመ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው።) ተመራማሪዎቹ ብላክ ታይገር የሚባለውን ትልቁን ባለ ዥንጉርጉር ሽሪምፕ ወሰዱ። ግማሹ ከባሕር የተያዘ ነበር፣ ግማሹ በእርባታ ያደገ። አንጀታቸውን ከፍተው የባክቴሪያውን ዘረመል አነበቡ። 18 ዓይነቶች በሁለቱም ውስጥ ተገኙ፤ ቪብሪዮም ከነዚያ ውስጥ ነበር። ውኃው የተለያየ ሆኖ ሳለ እነዚህ ከተመሳሰሉ፣ ሽሪምፑ ራሱ ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ ይመርጣል ማለት ነው።

ስለዚህ "የባሕሩ ንጹሕ፣ የእርባታው ቆሻሻ" የሚለውን ወሬ እዚሁ እንተወው። ቪብሪዮ ሁለቱም ጋ አለ።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

የባሕሩ ሽሪምፕ ያገኘውን ይበላል። ትል፣ ደቃቅ ቀንድ አውጣ፣ አልጌ፣ የበሰበሰ ቅጠል። የእርባታው ከዓሣ ዱቄትና ከአኩሪ አተር የተጋገረ ፍሬ መኖ በሰዓቱ ይበተንለታል፤ በትርፉ ጊዜ የኩሬውን ወለል ይለቃቅማል። ብዙ ጥናቶች የባሕሩ አንጀት ውስጥ የባክቴሪያው ስብጥር ሰፋ ብሎ አግኝተውታል። ሁሌም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ደህና በተያዘ ኩሬም ስብጥሩ ጥሩ ይሆናል።

ስብጥር ለምን ይጠቅማል? አንጀቱን እንደ ኮንዶሚኒየም አስቡት። ቤቱ ሁሉ ተከራይ ካለው አዲስ መጤ ረባሽ ቦታ ያጣል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን ቁልፍ ሳይጠይቅ ይገባል። የታመመ ሽሪምፕ አንጀት ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይሄ ነው፤ ጥቂት ዓይነት ብቻ ሕንፃውን ሞልቶት።

ኩሬ ደግሞ ለረባሽ ይመቻል። በእስያ ጥብቅ እርባታ በካሬ ሜትር 100 እና ከዚያ በላይ ሽሪምፕ ይታጨቃል። የተረፈው መኖና ኩሱ እዚያው ይቀራል፣ ውኃው ሞቃት ነው። ቪብሪዮ ከዚህ የተሻለ ድግስ አያገኝም።

የድግሱ ውጤት በ2009 ቻይና ላይ ታየ። ገና ኩሬ የገቡ ሽሪምፖች ወር ሳይሞላቸው ያልቁ ጀመር። ቀጥሎ ቬትናም፣ ከዚያ ማሌዥያና ታይላንድ፣ በ2013 ደግሞ ሜክሲኮ ደረሰ። ገበሬው መረቡን ሲያወጣ የሚያየው አንድ ነው። ጉበቱ ነጥቶና ተጨማዶ፣ አንጀቱ ባዶ፣ ቅርፊቱ ልፍስፍስ። አንዳንዱ ኩሬ ሙሉ በሙሉ አለቀ። የታይላንድ ምርት በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ። መርዝ ነው ያለ አለ፣ ቫይረስ ነው ያለም አለ።

በ2013 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው የዶናልድ ላይትነር ቡድን ደረሰበት። ጥፋተኛው ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የሚባለው የታወቀው ባክቴሪያ ነው። ግን ሁሉም አይደለም፤ አንዲት ተጨማሪ የዘረመል ቀለበት የያዘው ብቻ። ቀለበቷ ላይ ሁለት መርዝ የሚያሠሩ ዘረመሎች አሉ። ባክቴሪያው ጨጓራው ላይ ይሰፍራል፤ መርዙ ወርዶ ጉበቱን ያፈርሰዋል። መርዙ የሚገድለው ሽሪምፑን ነው፤ ለሚበላው ሰው ስጋቱ እሱ አይደለም።

ለበላተኛው ዋናው ነገር ገበሬው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ።

አንዱ አንቲባዮቲክ ኩሬው ውስጥ መድፋት ነው። ይሄ ጥሩውንም መጥፎውንም ይጠርጋል፤ ኮንዶሚኒየሙን ባዶ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚመለሰው ደግሞ ፈጥኖ የሚራባው ነው፤ ማለትም ቪብሪዮ፣ አሁን መድኃኒቱን የለመደ። ቅሪቱም ሥጋው ውስጥ ይቀራል። በ2001 እና 2002 አውሮፓ ከእስያ የመጣ ሽሪምፕ ውስጥ ክሎራምፌኒኮል የሚባል አንቲባዮቲክ አግኝታ ትልቅ ጫጫታ የተነሳው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፦ እሳት ባክቴሪያ ይገድላል፣ የመድኃኒት ቅሪትን ግን ያጠፋልናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለእኔ የእርባታ ሽሪምፕ ላይ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ሌላው መንገድ ቤቱን በጥሩ ተከራይ መሙላት ነው። ኢኳዶር ውስጥ ያሉ የሽሪምፕ መፈልፈያዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራሱን ቪብሪዮን፣ ጉዳት የሌለውን አልጊኖሊቲከስ የሚባለውን ዓይነት፣ እያራቡ ገንዳው ውስጥ ይጨምሩ ጀመር። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄ ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ከመኖው ጋር ይደባለቃል። ሞላሰስ ኩሬው ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ አዎ፣ የስኳር ፋብሪካው ሞላሰስ። ስኳሩ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ያበዛል፤ እነሱ ደግሞ የሽሪምፑን ቆሻሻ ወደ ምግብነት ይለውጡታል።

ጎበዝ እርባታ እንዴት እንደሚቆጣጠር ልንገራችሁ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ባለሙያው ጥቂት ሽሪምፕ ያወጣና ጉበትና አንጀቱን ይፈጫል። ለቪብሪዮ ብቻ የተዘጋጀ ጄል ያለበት ሳህን ላይ ይቀባዋል። በማግስቱ ሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ይበቅላል፣ ቢጫና አረንጓዴ። ጄሉ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚበሉት ቢጫ፣ የማይበሉት አረንጓዴ። ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ አረንጓዴው ውስጥ ነው። ስለዚህ አረንጓዴው ሲበዛ ኩሬው ላይ ያለ ሰው እንቅልፍ የለውም። ቢጫው ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይደለም፤ የኮሌራው ዓይነት ራሱ ቢጫ ነው። ግን በየቀኑ አንጀት እየከፈተ ሳህን የሚያይ እርባታና በጆንያ መድኃኒት የሚበትን እርባታ ከረጢቱ ላይ ያው "ፋርምድ" ነው የሚባሉት። ቃሉ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ወደ ገበያ እንውጣ

ባሕረ ሰላጤው ዳር ካላችሁ፣ የወቅቱን የባሕር ሮቢያን የሚያህል የለም። በሳዑዲ የምሥራቁ ጠረፍ ማጥመድ የሚፈቀደው ከነሐሴ እስከ ጥር ነው፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 1 እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ። በዚያ ጊዜ ጠዋት ገበያ ሄዳችሁ ጭንቅላቱ ያለበትን፣ ጠንከር ያለውን፣ ባሕር ባሕር የሚሸተውን ግዙ። በመጋቢት "የዛሬ የባሕር ነው" የሚላችሁ ነጋዴ ካለ ከየት እንደመጣ ጠይቁት።

የባሕሩ ድክመት አንጀቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ጎታች መረብ ውስጥ ለሰዓታት ከጭቃና ከዓሣ ጋር ይታሻል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይዘረገፋል። ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ ሙቀት ሲመቸው በ10 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል። በረዶው ዘግይቶ ከመጣ የባሕሩ ንጽሕና ጀልባው ላይ አለቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው እጢም ሥጋውን ራሱ መፍጨት ይጀምራል፤ አንገቱ ሥር ሙክክ ያለ ሽሪምፕ ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ከወቅት ውጪ የእኔ ምርጫ ቅርብ ያለ እርባታ ነው። ሳዑዲ ከጅዳ በስተ ደቡብ አል ሊት ላይ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ትልቅ እርባታ አላት። በ2010 ገደማ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው ቫይረስ ነባሩን ዝርያ ጨረሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ከተለዩ በሽታዎች ነፃ ሆኖ የተራባ ቫናሜ የሚባለውን ነጭ ሽሪምፕ ይዘዋል። መንገዱ አጭር ነው፣ በረዶው ቅርብ ነው። ለእኔ ይሄ "ዋይልድ" ከሚል ቃል ይበልጣል።

ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ ያለው አብዛኛው ግን ከኢኳዶር፣ ከሕንድ፣ ከቬትናም የመጣ የእርባታ ቫናሜ ነው። ኢኳዶር በ2022 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ልካለች። የእነሱ ኩሬ ሰፊ ነው፣ ከእስያው ጥብቅ እርባታ ይልቅ በጣም ሳሳ ተደርጎ ነው የሚያረቡት። እዚህ ላይ የኤኤስሲ (ASC) ወይም የቢኤፒ (BAP) ምልክት ፈልጉ፤ እርባታው ተመርምሮ ማለፉን የሚያሳዩ ማረጋገጫዎች ናቸው። ሁለቱም ሳይታመም መከላከያ ተብሎ አንቲባዮቲክ መስጠትን ይከለክላሉ። ምልክት የሌለውና ዋጋው ከጎረቤቱ በግማሽ የወረደ ከረጢት ካገኛችሁ፣ እኔ ብሆን እዚያው እተወዋለሁ።

ከቬትናም የሚመጣ አንድ የተለየ አለ። ደቡብ ጫፍ ላይ ካ ማው በሚባል አካባቢ ገበሬዎች ብላክ ታይገሩን ማንግሮቭ የሚባል ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ መሃል ይለቁታል። መኖ የለም፤ ቅጠሉና ጭቃው የሚያበቅለውን ይበላል። በጨረቃ ማዕበል ጊዜ ውኃው ሲወጣ በመረብ ይይዙታል። እርባታ ነው፣ አኗኗሩ ግን የባሕሩን ይመስላል። ውድ ነው። ለበዓል ይሁን።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ሥራው ይቀላል። ከ2005 ጀምሮ ጥሬ የባሕር ምግብ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት የመጣበትን አገርና የባሕር ወይስ የእርባታ መሆኑን የመጻፍ ግዴታ አለበት። ሬስቶራንትን ግን ሕጉ አይነካም፤ የተጠበሰና ዱቄት የለበሰውንም አይነካም። ስለዚህ ሳታውቁ የምትበሉት እዚያ ነው። በ2015 አንድ የሸማቾች መጽሔት ከየሱቁ ሽሪምፕ ሰብስቦ ሲመረምር ከጥሬው 60 በመቶው ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። የባሕሩም የእርባታውም ውስጥ። ይሄ ሰው አያስደንግጥ፤ ጥሬ ዶሮ ከዚህ ይብሳል።

"ፕሮባዮቲክ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ የጠቀመው ሽሪምፑን ነው። እናንተ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደ እርጎ ይሠራል ብላችሁ ተጨማሪ ብር እንዳትከፍሉ።

ማድቤት ከገባ በኋላ

ባክቴሪያን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የእናንተ ነው። በረዶ ቪብሪዮን ያስተኛዋል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አውርዱት፤ ከቸኮላችሁ ቀዝቃዛ ውኃ። የማድቤት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት እስከ ማታ ማቅለጥ ይቅር። እኔ አንዴ አድርጌው የቤቱ ልጆች ሁለት ቀን ሆዳቸውን አመማቸው። በሽሪምፑ ይሁን በሌላ ማን ያውቃል፤ ማዳም ግን በማን እንዳመካኘች አልነግራችሁም።

ጥቁሯን ክር ማውጣት ግዴታ ነው? በደንብ ከበሰለ አይገድልም። ግን አሸዋ አለባት፣ ትመራለች፣ ባክቴሪያውም የሚበዛው እዚያ ነው። አውጧት። ክሯን የነካ ቢላና መክተፊያ ሰላጣ እንዳይነካ፤ ትልቁ አደጋ ሽሪምፑ ሳይሆን ቲማቲሙ ነው፣ እሱ እሳት አያገኘውምና። ጭንቅላቱ አካባቢ የሚታየው መጥቆር ግን ባክቴሪያ አይደለም። ሙዝ ሲቆረጥ እንደሚጠቁረው ያለ ነገር ነው። የሚያስጥለው የአሞኒያ ሽታ ነው።

ማብሰያው ቀላል ነው። ውስጡ 63 ዲግሪ ይድረስ። ቴርሞሜትር የሌለው ፊደል ይጠቀም። በስሎ ሲጎብጥ "ሀ"ን ይመስላል። "ዐ" ሆኖ ከተጠቀለለ አልፎበታል፣ ጎማ ሆኗል። ቀጥ ብሎ መስታወት መስታወት የሚል ከሆነ ገና ጥሬ ነው። ጥሬውን በሎሚ ብቻ "ማብሰል" የሚሉት ነገር አለ። ሎሚ መልኩን ይቀይራል እንጂ ቪብሪዮውን እንደ እሳት አይገድለውም። በ1950 ኦሳካ ላይ ይሄው ፓራሄሞሊቲከስ መጀመሪያ የተገኘው 20 ሰው በሞተበት የዓሣ ምግብ መመረዝ ነው። የባሕሩም ይሁን የእርባታው፣ ሳይበስል አላቀርበውም።

የእህቴን ነገር ልጨርስ። "ዋይልድ" የሚለውን ከረጢት አገላብጪው አልኳት። አገር የለውም። ሽሪምፖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆነዋል፤ አንዴ ቀልጦ ተመልሶ በረዶ የመሆኑ ምልክት ነው። "ፋርምዱ" ላይ ኢኳዶር ይላል፣ ምልክቱ አለው፣ ስታንቀሳቅሰው እንደ ጠጠር ይንሿሿል። እሱን ውሰጂ አልኳት።

ማታ ደወለች። ድምፅዋ ደንግጧል። "ኧረ ክር የላቸውም! አስር ሰነጠቅኩ፣ ሁሉም ባዶ ነው። ፕላስቲክ ነው እንዴ የሸጡልኝ?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እርባታዎች ሊያወጧቸው ሲሉ መኖ ያቋርጣሉ፤ አንጀቱ ባዶ ሆኖ ነው በረዶ ውስጥ የሚገባው። "ጾመው ነው የመጡልሽ" አልኳት።